ሽፈራው፣ አክስቴና «ከፍ አለ» ያልኩት ቃል

የማስተርስ መመረቂያዬን በሽፈራው ላይ ልሠራ መሆኑን ለጓደኞቼ የነገርኳቸው ቀን አንዷ «የማን ሽፈራው ነው? አግብቷል እንዴ?» ብላ ጠረጴዛውን በሳቅ አናወጠችው። ቅጠል ነው ብዬ ባስረዳም ማን ሊሰማኝ። እስክመረቅ ድረስ ሰላምታዬ «ሽፈራው እንዴት ነው?» ሆኖ ቀረ። እኔም ለምጄ «ዛሬስ ደህና ነው፣ ትናንት ግን ማጣሪያ ወረቀት ላይ ተጣብቆ አሰቃየኝ» እል ነበር።

ሰሞኑን በዚሁ ቅጠል ጉዳይ በውስጥ መስመር ብዙ ጥያቄ ደረሰኝ። «በሙቅ ውሃ ነው ወይስ በቀዝቃዛ?» «ሲፈላ ጥቅሙ ይጠፋል ወይ?» «እናቴ ግፊት አለባት፣ ልስጣት?» ለእያንዳንዱ ለብቻ ከምመልስ አንድ ላይ ልጻፈው አልኩ። ሦስተኛውን ጥያቄ በተመለከተ ደግሞ እስከ ዛሬ እዚህ ያልጻፍኩት ነገር አለ። ረዘም ይላል፤ ቡና አፍልታችሁ አንብቡት። ቡናው በኋላም ያስፈልገናል።

ያደግኩት አርባ ምንጭ ነው፣ ሲቀላ። እኛ ጋ ሽፈራው የሚለው የመጽሐፍ ስም ነው፤ የቤቱ ስም ሐለኮ ነው። ግቢያችን ውስጥ ሁለት ዛፍ ነበር። አንዱ ከኩሽናው ጀርባ፣ ሌላው ከአክስቴ ግቢ ጋር በሚያዋስነን አጥር ላይ። አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት፤ እትዬ ነው የምላት። እናቴ ሥራ ስትውል ያሳደገችኝ እሷ ናት። ቅጠሉን ከዘንጉ ሸምጥጣ፣ አጥባ፣ ቀቅላ፣ ከበቆሎ ዱቄት ድብልብል ጋር ስታቀርብልን እኛ ልጆቹ «ዛሬም ሐለኮ?» ብለን እናኮርፋለን። እሷ ደግሞ «ሐለኮ ያለበት ግቢ አይራብም፣ ዝም ብለሽ ብዪ» ትላለች። እውነቷን ነው። ዝናብ ሲጠፋ፣ ጎመን ሲደርቅ፣ ያ ዛፍ አረንጓዴ ሆኖ ይጠብቃል።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ይታወቅልኝ። የእኛው ዛፍ ሳይንሳዊ ስሙ ሞሪንጋ ስቴኖፔታላ ነው። አገሩ ደቡብ ኢትዮጵያና ሰሜን ኬንያ ነው። በዓለም ገበያ ስሙ የገነነው ግን ዘመዱ፣ የሕንዱ ሞሪንጋ ኦሌይፌራ ነው። ኢንተርኔት ላይ «ሞሪንጋ ይሄን ያድናል፣ ያንን ያድናል» የሚለው ወሬ አብዛኛው ስለ ሕንዱ ነው። ዘመዳሞች ናቸው፣ ግን አንድ አይደሉም። የአጎትሽ ልጅ ፈተና ቢያልፍ አንቺ አለፍሽ ማለት አይደለም።

እሺ፣ ወደ ሥራዬ። ርዕሱ በአጭሩ «ከሽፈራው ቅጠል ውስጥ ፍላቮኖይድ በብዛት የሚወጣው በምን ሁኔታ ነው?» የሚል ነበር።

ፍላቮኖይድ ማለት ተክሎች ራሳቸውን ከኃይለኛ ፀሐይና ከተባይ ለመከላከል፣ ለአበባና ለፍሬያቸውም ቀለም ለመስጠት የሚሠሯቸው የንጥረ ነገር ቤተሰብ ነው። ስሙ ፍላቩስ ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ ቢጫ ማለት ነው። ሽንኩርት ልጣጭ ውስጥ አለ፣ ሻይ ቅጠል ውስጥ አለ፣ ብርቱካን ውስጥ አለ። በእኛ ሽፈራው ቅጠል ውስጥ ዋናው ሩቲን የሚባለው ነው። ሩቲን ደግሞ ስሙን ያገኘው ከማን መሰላችሁ? ከጤና አዳም ወገን! የጤና አዳም የሳይንስ ስሙ ሩታ ነው፤ በ1842 አንድ ጀርመናዊ ፋርማሲስት መጀመሪያ ከአውሮፓው ጤና አዳም ውስጥ ስላገኘው ሩቲን ተባለ። ቡናችን ውስጥ ጣል የምናደርገው ቅጠል ዘመድ ማለት ነው።

እነዚህ ነገሮች አንድ ሰሞን ቫይታሚን ተብለው ነበር። በ1936 በቫይታሚን ሲ ምርምሩ የሚታወቀው የሃንጋሪው ሳይንቲስት አልበርት ሴንት ጆርጂና ባልደረባው «ቫይታሚን ፒ» ብለው ሰየሟቸው። በኋላ ግን ሰው ያለ እነሱ መኖር እንደማይችል ማረጋገጥ ስላልተቻለ በ1950ዎቹ መባቻ ስሙ ቀረ። ጠቃሚ አይደሉም ማለት አይደለም። «ጠቃሚ ሊሆን ይችላል» እና «ያለሱ አይሆንም» የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው ማለት ነው። ይሄን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

አሁን ቡናው። እናንተ ሳታውቁት በየቀኑ የምትሠሩት የኬሚስትሪ ሥራ አለ፤ ቡና ማፍላት። ቡናውን ትወቅጣላችሁ፤ ለምን? ሲደቅ ውሃው ብዙ ቦታ ያገኘዋል። ውሃውን ታሞቃላችሁ፤ ለምን? ሙቀት የሚሟሟውን ነገር ያፈጥነዋል። ጊዜ ትሰጡታላችሁ። ከዚያ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። አቦሉ ወፍራም የሆነው ብዙው ነገር በመጀመሪያው ውሃ ስለሚወጣ ነው። ቶናው ላይ የቀረው ይወጣል፣ በረካው ላይ ትራፊው። እኛ ላብራቶሪ ውስጥ ይሄንኑ ነው የምናደርገው፤ በአንድ ጊዜ በብዙ ፈሳሽ ከማውጣት፣ ፈሳሹን ከፋፍሎ ደጋግሞ ማውጣት ይሻላል እንላለን። አያቶቻችን በረካን ሲያወጡ ነገሩን ጨርሰውታል።

ልዩነቱ እኛ በውሃ ብቻ አንሠራም። ሩቲን ሁለት ጠባይ አለው። አንዱ ጎኑ ስኳር የተያያዘበት ነው፣ ውሃ ይወዳል። ሌላው ጎኑ አልኮል ይወዳል። ስለዚህ ንጹሕ ውሃ ብቻውን አይበቃውም፣ ንጹሕ ኤታኖልም ብቻውን አይሆንም፤ ኤታኖሉ ብቻውን ሲሆን የቅጠሉን አረንጓዴና ሰሙን ጠራርጎ ያወጣና መከራ ያሳያል። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ውሃው ደረቁን ቅጠል ያብጠዋል፣ ኤታኖሉ ውስጥ ገብቶ ያወጣል። ጥያቄው «በስንት ለስንት?» ነው። በስንት ሙቀት? ለስንት ደቂቃ?

የመጀመሪያው ውድቀቴ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት መጣ። ቅጠሉን ከአርባ ምንጭ አስመጥቼ፣ ቶሎ እንዲደርቅልኝ ሕንፃው ጣሪያ ላይ ፀሐይ አሰጣሁት። በሁለት ቀን ደረቀ። ደረቀ ብቻ አይደለም፣ እንደ ትንባሆ ቡናማ ሆነ። ስለካው ያፈረኝ ቁጥር ወጣ። ለአማካሪዬ ከመንገሬ በፊት ለእትዬ ደወልኩ።

«ማነው ቅጠል ፀሐይ ላይ ያሰጣ?» አለችኝ። «አንቺ ልጅ፣ እኔ ቤት ያደግሽ አይደለሽም? ቅጠል ጥላ ላይ ነው፣ ነፋስ እያገኘው።»

መጽሐፉም የሚለው እሱኑ ነው። ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላም ውስጡ ያሉት ኤንዛይሞች ሥራቸውን አያቆሙም፤ ፀሐይና ጨረር ሲጨመር ደግሞ የምንፈልገውን እየበላው ይሄዳል። አሥር ገጽ አንብቤ የደረስኩበትን እሷ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው። ሁለተኛውን ዙር ጥላ ላይ አደረቅኩ። አረንጓዴ ሆኖ ደረቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እትዬ የሥራው ባልደረባ ሆነች። በየሳምንቱ «ዛሬስ ምን አለሽ?» ትላለች፣ እኔ እነግራታለሁ። ለጎረቤቱም «ልጄ ዩኒቨርሲቲ ሐለኮ እያጠናች ነው» እያለች ትናገራለች። ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ዋናው ሥራ ተጀመረ። መጀመሪያ አንድ በአንድ ነበር የምሞክረው። ሙቀቱን አንድ ቦታ አስሬ ኤታኖሉን መቀያየር፣ ምርጡን ስይዝ ደግሞ ኤታኖሉን አስሬ ሙቀቱን መቀያየር። አማካሪዬ አይተው «ሽሮ ስትሠሪ መጀመሪያ ውሃውን ወስነሽ፣ ከዚያ እሳቱን ነው የምታስቢው?» አሉኝ። አይደለም፤ እሳቱ ሲበረታ ውሃ ትጨምሪያለሽ፣ ውሃው ሲበዛ እሳት። ሁለቱ እየተነጋገሩ ነው የሚሄዱት። ቅጠሉም እንደዛው ነው። በትንሽ ኤታኖል ምርጥ የሆነው ሙቀት፣ በብዙ ኤታኖል ምርጥ ላይሆን ይችላል። አንድ በአንድ የሚሞክር ሰው ይሄን ንግግር አይሰማውም።

ለዚህ የተሠራ ዘዴ አለ። ቦክስና ዊልሰን የሚባሉ ሰዎች በ1951 መሠረቱን ጣሉ፣ በ1960 ደግሞ ቦክስና ቤንከን አሁን ብዙ ሰው የሚጠቀምበትን ንድፍ አወጡ። እኔም እሱን ያዝኩ። ሦስት ነገር፣ እያንዳንዱ በሦስት ደረጃ፦ ኤታኖል 30፣ 50፣ 70 በመቶ፤ ሙቀት 40፣ 55፣ 70 ዲግሪ፤ ጊዜ 20፣ 40፣ 60 ደቂቃ። ሁሉንም ላዳርስ ብትሉ 27 ሙከራ ነው። በዚህ ንድፍ 12 የተመረጡ ነጥቦችና መሃሉ ላይ 5 ድግግሞሽ፣ በድምሩ 17። መሃሉን አምስት ጊዜ መድገም ሞኝነት ይመስላል አይደል? ግን እጅሽ ምን ያህል እንደሚንቀጠቀጥ የምታውቂው በእሱ ነው። አንድ ዓይነት ሥራ አምስት ጊዜ ሠርተሽ አምስት የተለያየ ቁጥር ከመጣ፣ ችግሩ ቅጠሉ ላይ ሳይሆን አንቺ ላይ ነው።

ቅደም ተከተሉም በዕጣ ነው፤ ጠዋት የሚሠራው ሁሌ ቀዝቃዛው፣ ማታ የሚሠራው ሁሌ ሙቁ እንዳይሆን። 11ኛው ሙከራ ላይ፣ ከ40ው ደቂቃ 30ውን እንደጨረስኩ መብራት ጠፋ። ውሃው እየቀዘቀዘ እያየሁት ቆምኩ። ጄኔሬተሩ አልተነሳም። አሥር ደቂቃ ናት የቀረችው፣ «እንዳለቀ ቆጥሬ ልለካው?» የሚል ሐሳብ መጣብኝ፤ አልዋሽም። የላብራቶሪው ጋሼ ፊቴን አይተው ነው መሰለኝ «ቅጠል ሞልቷል፤ ድገሚው» ብለውኝ ሄዱ። ደፋሁት። በማግስቱ ደገምኩት።

መለኪያው እንዴት ነው? ከቅጠሉ የወጣው ፈሳሽ ላይ አሉሚኒየም ክሎራይድ ይጨመራል። ፍላቮኖይዱ ከአሉሚኒየሙ ጋር ሲያያዝ ቢጫው ይደምቃል። ያንን ቢጫ ኩቬት ውስጥ አድርገን ስፔክትሮፎቶሜትር ላይ 415 ናኖሜትር ላይ እናነባለን፣ ኩዌርሴቲን ከሚባል የታወቀ ንጥረ ነገር ጋር እናወዳድራለን። ቢጫው በደመቀ ቁጥር ቁጥሩ ያድጋል። በቃ ይኸው ነው። ይሄንንም ያዙልኝ።

ሙቀት ለምን እንዲህ እንደሚያሳስበን በአንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የወባ መድኃኒት ፍለጋ ላይ ሳለች፣ ቡድኗ የጭቁኝ ዘመድ ከሆነ አርቴሚሲያ አኑዋ ከሚባል ተክል የሚያወጣው ነገር አንድ ጊዜ ይሠራል፣ አንድ ጊዜ አይሠራም። ከዚያ ከ1,600 ዓመት በፊት የተጻፈ የሕክምና መጽሐፍ ስታይ፣ ተክሉን በውሃ ዘፍዝፎ መጭመቅ እንጂ ማፍላት አይልም። «ሙቀቱ ይሆናል የሚያጠፋው» አለችና በ35 ዲግሪ ገደማ በሚፈላ ኤተር አወጣችው። በ1971 ተሳካ። አርቴሚሲኒን ፍላቮኖይድ አይደለም፣ ሌላ ዓይነት ነው። ግን አወጣጡ ብቻ አንድን ቅጠል ከንቱ ወይም መድኃኒት እንደሚያደርገው ከዚህ በላይ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም። በ2015 ኖቤል ተሸለመችበት።

እኔ ይሄን ታሪክ እየደጋገምኩ ለእትዬ አወራላት ነበር። ግማሹን ብቻ እንደነገርኳት ግን በኋላ ነው የገባኝ። ቱ ዩዩ ያወጣችውን ይዛ አልሮጠችም። በአይጥ ተሞከረ፣ በዝንጀሮ ተሞከረ፣ ራሷና ባልደረቦቿ ጠጥተው አዩት፣ ከዚያ ነው ወደ ሕመምተኛ የሄደው። ማውጣቱ የመንገዱ መጀመሪያ ነበር።

17ቱ ሙከራዎች አለቁ። ኮምፒውተሩ ኮረብታ የሚመስለውን ሥዕል ሣለልኝ፤ ጫፉ ላይ ምርጡ ነጥብ አለ። ኤታኖሉ ከ50 ከፍ፣ ከ70 ዝቅ ያለ፤ ሙቀቱ ከመሃል ትንሽ ከፍ ያለ። በዚያ ነጥብ ሦስት ጊዜ ደግሜ ሠራሁት፣ ቁጥሩ ኮምፒውተሩ ከገመተው ጋር ገጠመ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ የሚያውቀው የሠራበት ሰው ነው። ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ደወልኩ።

«እትዬ፣ ከፍ አለ! ከጠበቅነው በላይ ነው የወጣው!»

«እሰይ! ድሮም ሐለኮ መድኃኒት ነው እል አልነበር?» አለችና በስልክ እልል አለች። እኔም ሳቅሁ። አላረምኳትም። ምኑን አርማለሁ፣ ደስ ብሏታል።

እትዬ የደም ግፊት ታማሚ ናት። ያን ጊዜ በየቀኑ ኪኒን መውሰድ ከጀመረች አራት ዓመት ሆኗት ነበር።

ወር ከምናምን በኋላ የአክስቴ ልጅ ሌሊት ደወለልኝ። «እማዬ ራሷን አዙሯት ወድቃለች፤ ሐኪም ቤት ነን» አለ። የላይኛው ቁጥር ከ200 በላይ ነው አለኝ። ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ወጣሁ። በሆሳዕና፣ በሶዶ፣ መንገዱ አያልቅም። ስደርስ አልጋ ላይ ናት፣ ወርዶላታል፣ ፊቷ ግን ተለውጧል። እጇን አንሺ፣ ፈገግ በይ እያሉ መርምረዋት ነበር፤ እግዚአብሔር ይመስገን እጇም አፏም ደህና ነው። ለጥቂት ነው የተረፈችው።

ነርሷ ካርዱን ይዛ «እናቴ፣ መድኃኒትዎን መቼ ነው ያቆሙት?» አለቻት።

እትዬ ወደ እኔ አገጯን እየጠቆመች፣ በኩራት፣ «ልጄ ውጤቱን ካገኘች ጀምሮ» አለች።

ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ እኔን አየኝ። የምገባበት አጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። «ከፍ አለ» ስላት መድኃኒትነቱ ከፍ አለ ብላ ሰማችኝ። ኪኒኑን መሳቢያ ውስጥ ከታ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ሐለኮ እያፈላች ትጠጣ ነበር። ሕመም አልተሰማትም፤ ግፊት ደግሞ ጠባዩ እሱ ነው፣ ሳያሳምም ነው የሚጎዳው። ስላልተሰማት «ይኸው ሠራ» አለች። ለሁለት ጎረቤቶቿም ነግራቸዋለች። በማግስቱ ሁለቱም ቤት ሄጄ ኪኒናቸውን እንዳያቆሙ ለምኜ መጣሁ። አንደኛዋ አቁማ ነበር።

ማታ እትዬ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ ላስረዳት ሞከርኩ። ኮረብታውን በስልኬ አሳየኋት።

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ምን ነበር ስትለኪ የነበረው?» አለችኝ።

«ቀለም፣ እትዬ።»

«ቀለም?»

«ቢጫ ቀለም። ቢጫው ሲደምቅ ብዙ ወጣ እንላለን።»

ዝም አለች። ከዚያ ሳቋ መጣ፣ አልጋው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። «ሁለት ዓመት! ለቢጫ ቀለም ሁለት ዓመት!» እኔም አብሬያት ሳቅሁ፣ ከዚያ አለቀስኩ። እሷ ናት ያባበለችኝ።

የለካሁት ነገር ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ቦታው የት እንደሆነ ግን ማወቅ አለብን። ከቅጠሉ ወጥቶ ብርጭቆ ውስጥ መግባት አንድ ነገር ነው። ከብርጭቆው ሆድ ገብቶ ወደ ደም ማለፍ ሌላ ነው፤ ሩቲን ለምሳሌ እንዳለ በቀላሉ አያልፍም፣ ትልቁ አንጀት ደርሶ እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ሲቆርጡለት ነው የተወሰነው የሚገባው። ደም ውስጥ ገብቶ የደም ሥር ላይ ምን ያህል ይሠራል የሚለው ሦስተኛ ነው። ያ ደግሞ የአንድን ሰው ግፊት ለዓመታት ዝቅ አድርጎ ይይዛል ወይ የሚለው አራተኛ። እኔ የሠራሁት አንደኛውን ነው። እትዬ የሰማችው አራተኛውን ነው። መሃል ያለውን ገደል ማሳየት የእኔ ሥራ ነበር፣ አልሠራሁትም።

ከዚያ በላይ ደግሞ እኔ ያወጣሁት በኤታኖል ነው። ማንም ቤት በኤታኖል ሻይ አያፈላም! የእኔ ኮረብታ ጫፍ የእትዬን ማንቆርቆሪያ አይመለከትም። አዲስ አበባ ስመለስ የእሷን አፈላል ይዤ ሄድኩ። በእፍኝ ቅጠል፣ በእሷ መጠን ውሃ፣ በእሷ ጊዜ፤ አራት ቀን፣ በቀን አንድ። ከኤታኖሉ አነሰ፤ እሱ አልገረመኝም። የገረመኝ የአራቱ ቀን ቁጥር መለያየቱ ነው። እፍኝ አንዴ ይሞላል፣ አንዴ ይጎድላል። ቅጠሉ አንዴ ለጋ ነው፣ አንዴ ያረጀ። ኪኒኑ ግን ዛሬም ነገም ያው ሚሊግራም ነው። መድኃኒት የሚያሰኘው አንዱ ይሄ ነው።

መመረቂያ ጽሑፌ መጨረሻ ላይ ማንም ያላዘዘኝን አንድ አንቀጽ ጨመርኩ፤ «ይህ ጥናት የወጣውን መጠን እንጂ በሰው ላይ ያለውን ፈውስ አልለካም» የሚል። ፈታኞቹ አንዳቸውም ስለ እሱ አልጠየቁኝም። ከተመረቅኩ በኋላ ግን አንድ ዱቄት አሽጎ የሚሸጥ ሰው ኮረብታዋን ማሸጊያው ላይ ላትማት ብሎ ጠየቀኝ፤ ሥሯ «በጥናት የተረጋገጠ» የሚል ጽሑፍ ሊያደርግ። ገንዘቡ ደህና ነበር፣ እኔም ያን ጊዜ ሥራ አልነበረኝም። ያቺን አንቀጽ አብረህ ካተምካት እሺ አልኩት። ተመልሶ አልደወለም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄዎቻችሁ።

ሙቅ ወይስ ቀዝቃዛ? ሙቅ። 1 ግራም ሩቲን ለማሟሟት ቀዝቃዛ ውሃ ቢሆን 8 ሊትር ገደማ ያስፈልጋል፤ የፈላ ከሆነ 200 ሚሊ ሊትር ገደማ ይበቃዋል። የፈላ ውሃ አፍስሱበት፣ ክደኑት፣ ጥቂት ደቂቃ ይቆይ፣ ሳይቀዘቅዝ ጠጡት። ቅጠሉን ጥላ ላይ አድርቁ፣ ብርሃን በማይገባው በሚዘጋ ዕቃ አስቀምጡ።

ሲፈላ ይጠፋል ወይ? ለአጭር ጊዜ ቢፈላ ሁሉም አይጠፋም። ለረጅም ሰዓት ሲንተከተክ ግን እየቀነሰ ይሄዳል፤ ቫይታሚን ሲው ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ነው የሚሄደው። እንደ ጎመን ቀቅላችሁ ውሃውን የምትደፉ ከሆነ ብዙው ፍላቮኖይድ ከውሃው ጋር ተደፋ ማለት ነው። ውሃውን ወጡ ውስጥ ተጠቀሙበት።

እናቴ ግፊት አለባት፣ ልስጣት? እንደ ምግብ ትብላ፤ እኔም ያደግኩበት ነው። ኪኒኗን ግን እንዳትነኩባት። የእኛው ሽፈራው በእንስሳት ላይ ሲሞከር ግፊትና ስኳር ዝቅ ማድረጉን ያሳዩ ጥናቶች አሉ። ይሄ ተስፋ ነው፤ ግን የሐኪም ትዕዛዝ አይደለም። እንዲያውም ዝቅ የሚያደርግ ከሆነ፣ ከኪኒኑ ጋር ሲደመር ከልክ በላይ ሊያወርድም ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ በየቀኑ የምትጠጣ ከሆነ ለሐኪሟ ትንገር። እርጉዝ የሆነችማ ያለ ሐኪም ምክር እንደ መድኃኒት አትውሰደው።

እትዬ አሁን ደህና ናት። ባለፈው ገና ሄጄ ነበር። ኩሽናው መደርደሪያ ላይ የሐለኮው ጣሳ አለ፣ ከጎኑ የኪኒኑ ብልቃጥ። ጠዋት መጀመሪያ ኪኒኗን ዋጠች፣ ከዚያ ጣሳውን ከፈተች። ጎረቤቷ ገብታ ነበርና «ይቺ ልጅሽ ናት ሐለኮ የተማረችው?» አለቻት።

«አዎ» አለች እትዬ፣ ሳትዞር። «ቢጫው ላይ ጎበዝ ናት። ለግፊቱ ግን ሐኪም ቤት ሂጂ።»

ወላጆቻችሁ ጋ ዛሬ ደውሉና አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ፦ «ኪኒንሽን ዛሬ ወስደሻል?» ቅጠል ልካችሁላቸው ከሆነ ደግሞ ስትልኩ ምን ብላችሁ እንደነበር አስታውሱ፤ እነሱ ምን እንደሰሙም ጠይቋቸው።